ወታደራዊ የማመላለሻ አውሮፕላንና ልዩ ልዩ ተግባሩ

የጦር አውሮፕላን ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ቦምብ የሚጥለው ወይም በሰማይ ላይ ከአምሳያው ጋር የሚታኮሰው ፈጣን ተዋጊ ነው። ይሁን እንጂ በማንኛውም አየር ኃይል ውስጥ ፍጥነቱ መጠነኛ፣ ሆዱ ሰፊ፣ መልኩም እምብዛም ዓይን የማይስብ ሌላ ዓይነት አውሮፕላን ይገኛል። ይህም ወታደራዊ የማመላለሻ አውሮፕላን ነው። ሥራው ሰው፣ ስንቅ፣ ትጥቅ፣ ነዳጅና መድኃኒት ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ማድረስ ነው። ይህ ሥራ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በጦርነት ጊዜ የአንድን ዘመቻ ውጤት፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የዚህ አውሮፕላን በሰዓቱ መድረስ ወይም አለመድረስ ነው። በዚህ ምንባብ የማመላለሻ አውሮፕላን አሠራር፣ ለልዩ ልዩ ተግባር የሚለወጥበት ምክንያት፣ እንዲሁም በናይሮቢ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በኢምባካሲ አየር ማረፊያ በአንድ ሌሊት የታየው ሁኔታ ይገለጻል።

አውሮፕላን በሰፊው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሠራዊት ወደ ሩቅ አገር የሚጓዘው በእግር፣ በጋማ ከብት፣ በባቡርና በመርከብ ነበር። ለዚህም ከራሳችን ታሪክ ምሳሌ ማቅረብ ይቻላል። በ1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1951) ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከጅቡቲ ወደብ በመርከብ ተሳፍሮ ፑሳን ወደብ እስኪደርስ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ቆይቷል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን፣ ማለትም በ1952 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 1960)፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጥሪ ለሰላም ማስከበር ወደ ኮንጎ ሲሄዱ የተጓጓዙት በወታደራዊ የማመላለሻ አውሮፕላን ነበር። ቀድሞ ሳምንታት ይጠይቅ የነበረው ጉዞ ወደ ሰዓታት ዝቅ አለ። በነዚህ ሁለት ዘመቻዎች መካከል የታየው ልዩነት የማመላለሻ አውሮፕላን በዓለም ላይ ያስከተለውን ለውጥ በግልጽ ያሳያል።

ወታደራዊ የማመላለሻ አውሮፕላን ከመንገደኛ አውሮፕላን የሚለይባቸው አራት ዋና ዋና ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ክንፉ ከአካሉ በላይ የተገጠመ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ክንፍ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ በታች ያልፋል። የማመላለሻ አውሮፕላን ክንፍ ግን በጣሪያው ላይ ስለሚያልፍ አካሉ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ እንዲሠራ ያስችላል፤ ሞተሮቹም ከመሬት ራቅ ስለሚሉ ከማረፊያው የሚነሣው ጠጠርና አቧራ በቀላሉ አይደርስባቸውም። ሁለተኛ፣ የጭነት ክፍሉ መዝጊያ የሚገኘው በጎን ሳይሆን በስተኋላ፣ ከጅራቱ ሥር ነው። ይህ መዝጊያ ወደ መሬት ሲዘረጋ እንደ ድልድይ ስለሚያገለግል መኪናም ሆነ መድፍ ያለማንሻ መሣሪያ እየተነዳ ገብቶ እየተነዳ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ጎማዎቹ ብዙና ሰፋፊ ስለሆኑ የአውሮፕላኑን ክብደት ተካፍለው ይሸከማሉ። በዚህም ምክንያት አስፋልት ባልፈሰሰበት፣ ሣር ወይም ጠጠር ባለበት ሜዳ ላይ ማረፍ ይቻላል። አራተኛ፣ በአጭር መንደርደሪያ ለመነሣትና ለማረፍ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። የነዚህ የአራቱ ነገሮች ዓላማ አንድ ነው። ይኸውም አውሮፕላኑ የተሟላ አየር ማረፊያ ወደሌለበት፣ የጭነት ማውረጃ መሣሪያ ወደማይገኝበትና መንገድ ወደተቋረጠበት ስፍራ መድረስ እንዲችል ነው።

ከዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች ሁሉ በዓለም ላይ በይበልጥ የታወቀው የአሜሪካ ሎክሂድ ኩባንያ የሠራው ሲ-130 ሄርኩለስ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩት አሮጌ አውሮፕላኖች እንዳልበቁት ስለተረዳ እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ ዓይነት አውሮፕላን እንዲሠራለት ጠየቀ። የመጀመሪያው ሄርኩለስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1954 በረረ። አውሮፕላኑ አራት ሞተሮች አሉት። እያንዳንዱ ሞተር እንደ ጄት ሞተር ነዳጅ አቃጥሎ ኃይል ይፈጥራል፤ ኃይሉ ግን በአብዛኛው የሚውለው ፕሮፔለሩን ለማሽከርከር ነው። ይህም ዘዴ መጠነኛ ነዳጅ እየተጠቀመ ከባድ ጭነት እንዲያነሣ ይረዳዋል። የጭነት ክፍሉ ርዝመት 12 ሜትር ያህል፣ ወርዱ ከ3 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ከፍታውም 2.7 ሜትር ያህል ነው። በብዙ አገሮች ሲሠራበት የቆየው የ«ኤች» ዓይነት 19 ሺህ ኪሎ ግራም ያህል፣ ማለትም 190 ኩንታል ያህል መሸከም ይችላል። በጭነት ፈንታ ሰው ሲይዝ 92 ወታደሮች ወይም ከነጃንጥላቸው 64 የአየር ወለድ ወታደሮች ወይም 74 በቃሬዛ ላይ የተኙ ቁስለኞች ይጓዙበታል። ይህ አውሮፕላን በየጊዜው እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ድረስ በመሠራት ላይ ሲሆን፣ ቁጥሩም ከ2,500 በላይ ደርሷል።

በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትም ለዚሁ ተግባር አንቶኖቭ-12 የተባለ አውሮፕላን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1957 በረረ። ይህም እንደ ሄርኩለስ አራት ባለ ፕሮፔለር ሞተሮች ያሉት ሲሆን፣ 20 ሺህ ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። የኢትዮጵያ አየር ኃይል በልዩ ልዩ ዘመን በሁለቱም ወገን የተሠሩ አውሮፕላኖችን ተጠቅሟል። ቀደም ባለው ጊዜ ሲ-47ና ሲ-119 የተባሉትን የአሜሪካ አውሮፕላኖች፣ ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ አንቶኖቭ-12ን፣ ቆየት ብሎም ሄርኩለስን ሥራ ላይ አውሏል።

የአውሮፕላን የመሸከም አቅም በአውሮፕላኑ ብቻ አይወሰንም፤ በሚነሣበት ስፍራም ይወሰናል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፍ የሚያገኘው የማንሣት ኃይል ይቀንሳል፤ ሞተርም ነዳጁን የሚያቃጥልበት አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይደክማል። የኢምባካሲ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,620 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። የአዲስ አበባው የቦሌ አየር ማረፊያ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በቦሌ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ከአሰብ ወደብ ሙሉ ጭነት ይዞ በቀላሉ የሚነሣ አውሮፕላን፣ ከደጋ ላይ ሲነሣ ወይ ጭነቱን መቀነስ፣ ወይም ረዘም ባለ መንደርደሪያ ላይ መሮጥ ይኖርበታል። በኢምባካሲ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው መንደርደሪያ የተሠራበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የማመላለሻ አውሮፕላን ሌላው ልዩ ጠባዩ በቀላሉ የሚለወጥ መሆኑ ነው። ተዋጊ አውሮፕላን እያንዳንዱ አካሉ ለአንድ ዓላማ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ወደ ሌላ ሥራ ለመለወጥ ያዳግታል። የማመላለሻ አውሮፕላን ግን ሆዱ ባዶ ቤት ነው። በባዶ ቤት ውስጥ እንደ ባለቤቱ ፍላጎት አልጋ፣ ጠረጴዛ ወይም ጎተራ ማስገባት እንደሚቻል ሁሉ፣ በዚህም አውሮፕላን ውስጥ ለሚፈለገው ተግባር የሚስማማውን መሣሪያ መትከል ይቻላል። በዚህ ዓይነት አንዱ ሄርኩለስ ብዙ ስም ያላቸው አውሮፕላኖችን አስገኝቷል።

ከነዚህ መካከል አንዱ የነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ነው። በጭነት ክፍሉ ውስጥ ትልቅ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ይተከላል፤ ከክንፎቹም ሥር ጫፉ እንደ ቅርጫት የተሠራ ረጅም የጎማ ቱቦ እየተተረተረ ይወጣል። ነዳጅ ፈላጊው አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ከኋላ ቀርቦ የራሱን መቀበያ ወደ ቅርጫቱ በማስገባት በበረራ ላይ እንዳለ ነዳጅ ይቀዳል። ሁለተኛው የአየር ጠባይ መርማሪ ነው። ይህም ወደ ከባድ አውሎ ነፋስ መካከል እየገባ የአየርን ግፊት፣ ሙቀት፣ እርጥበትና የነፋስን ፍጥነት ይለካል። በባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ሰዎች ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት እንዲያውቁትና እንዲጠነቀቁ የሚረዳ ትልቅ አገልግሎት ነው። ሦስተኛው ከጎማው ጋር በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰፊ እግር የተገጠመለትና በደቡብ ዋልታ ለሚገኙ ተመራማሪዎች ስንቅ የሚያደርሰው ነው። አራተኛው ለሕይወት አድን ሥራ የተዘጋጀ ሲሆን በባሕርና በበረሃ የጠፉ ሰዎችን ይፈልጋል። አምስተኛው ከነዚህ ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ነው። በግራ ጎኑ በኩል መድፍና መትረየስ ተተክሎበት፣ ዒላማውን ማዕከል አድርጎ እየዞረ ወደ ምድር ይተኩሳል። አሜሪካኖች ይህን ዓይነት ሄርኩለስ ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ በቬትናም ጦርነት ተጠቅመውበታል። በመሆኑም እህል ለማድረስ የሚያገለግለው አካል፣ መሣሪያው ሲለወጥ ሞት ለማድረስም ያገለግላል ማለት ነው።

ሌሎች ሁለት ዓይነት ለውጦች ደግሞ ትንሽ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልጋቸዋል። እነርሱም በራሪ ሆስፒታልና በራሪ የአዛዥ ጣቢያ ናቸው። በራሪ ሆስፒታል በሚሆነው አውሮፕላን ውስጥ ቃሬዛዎች በምሰሶና በጠፍር እየታሰሩ እንደ ተደራራቢ አልጋ ይደረደራሉ። የኦክሲጅን፣ የደምና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ይዘጋጃል። ሐኪሞቹ በምድር ላይ የማያጋጥማቸው ችግርም አለባቸው። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በቁስለኛው ደረት ወይም ሆድ ውስጥ የታመቀ አየር ካለ እየሰፋ ሊሄድና ሊጎዳው ይችላል። ስለሆነም ማን በቶሎ መጓዝ እንደሚገባው፣ ማንስ በቅድሚያ በምድር ላይ መታከም እንዳለበት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በራሪ የአዛዥ ጣቢያ የሚያስፈልግበት ምክንያት ደግሞ ከሬዲዮ ሞገድ ጠባይ ይመነጫል። በብዛት የሚሠራበት የአውሮፕላን ሬዲዮ ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራና የምድር ክብነት ይጋርደዋል። አንድ አውሮፕላን 9 ሺህ ሜትር ከፍ ብሎ ሲበር ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ሊነጋገር ይችላል። አዛዡ በዚያ ሆኖ በሥሩ ያሉትንም፣ በሩቅ አገር ያሉትንም ያገናኛል።

እነዚህ ሁለት ዓይነት አውሮፕላኖች ከሄርኩለስ ጋር በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ተግባር ላይ ተሰልፈው የታዩበት ታሪክ ከኢምባካሲ አየር ማረፊያ ጋር የተያያዘ ነው።

ኢምባካሲ ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኝ ሜዳ ላይ የተሠራ አየር ማረፊያ ነው። ሥራው የተካሄደው በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ሲሆን፣ በማው ማው የነጻነት ትግል ምክንያት የታሰሩ ብዙ ኬንያውያን በግዳጅ ሠርተውበታል። አየር ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1958 ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በመንደርደሪያው ማዶ አዲስ የመንገደኞች ሕንፃ ከተመረቀ በኋላ በኬንያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በጆሞ ኬንያታ ስም ተሰየመ።

ነገሩ የተጀመረው ሰኔ 20 ቀን 1968 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1976) ነበር። ከቴል አቪቭ ተነሥቶ በአቴንስ በኩል ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ከአቴንስ እንደተነሣ በአራት ሰዎች ተጠለፈ። ከጠላፊዎቹ ሁለቱ ፍልስጥኤማውያን፣ ሁለቱ ጀርመናውያን ነበሩ። አውሮፕላኑ በሊቢያ ቤንጋዚ ነዳጅ ከቀዳ በኋላ በኡጋንዳ ኢንቴቤ አየር ማረፊያ አረፈ። በዚያም ሌሎች ግብረ አበሮች ተጨመሩ፤ የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚንም ጠላፊዎቹን ደገፉ። ጠላፊዎቹ በእስራኤልና በሌሎች አገሮች የታሰሩ ጓደኞቻቸው እንዲፈቱ ጠየቁ። ሊፈቱ ከተጠየቀላቸው መካከል በዚያው ዓመት መጀመሪያ በኢምባካሲ አቅራቢያ የእስራኤልን የመንገደኛ አውሮፕላን በሮኬት ሊመቱ አቅደዋል ተብለው በኬንያ የተያዙ ሰዎች ይገኙበታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሌሎች አገሮች ዜጎች ተለቀቁና እስራኤላውያኑ ከአውሮፕላኑ ሠራተኞች ጋር በታጋችነት ቀሩ። ቁጥራቸውም 106 ነበር።

የእስራኤል መንግሥት በድርድር ጊዜ እየገዛ ታጋቾቹን በኃይል ለማስለቀቅ ተዘጋጀ። ዋናው ችግር ርቀቱ ነበር። ከቀይ ባሕር ጫፍ ከሻርም ኤል ሼክ እስከ ኢንቴቤ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ወታደርና ተሽከርካሪ የጫነ ሄርኩለስ ይህን ርቀት መጓዝ ይችል ነበር፤ በዚያው ነዳጅ ግን ለመመለስ አይችልም። ስለሆነም የዘመቻው ዕቅድ ከተኩሱ ይልቅ በነዳጁ ላይ የተንጠለጠለ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት አማራጮች ታሰቡ። አንደኛው በኢንቴቤ ከሚገኘው ማጠራቀሚያ ነዳጅ መቅዳት ነው። ለዚህም ከአራቱ ሄርኩለሶች በአንዱ ላይ የነዳጅ መሳቢያ ሞተርና ባለሙያዎች ተጫኑ። ይሁንና በጦርነት መካከል የአራት አውሮፕላን ነዳጅ መቅዳት ረጅም ጊዜ የሚወስድና እጅግ አደገኛ ነበር። ሁለተኛው አማራጭ በኢምባካሲ ማረፍ ነበር።

አራቱ ሄርኩለሶች ሰኔ 26 ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሡ። ራዳር እንዳያያቸው በቀይ ባሕር ላይ ከውኃው ከፍ ሳይሉ በረሩ። ከዚያም በአፍሪካ ቀንድ ላይ አቋርጠው በቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል ወደ ኢንቴቤ አመሩ። ከነርሱም ሌላ የመንገደኛ አውሮፕላን መልክ ያላቸው ሁለት ቦይንግ 707 አውሮፕላኖች ተሰልፈው ነበር። አንደኛው የአዛዥ ጣቢያ ሆኖ ሬዲዮና ከፍተኛ መኮንኖችን በመያዝ ከኢንቴቤ በላይ ይዞር ነበር። ሁለተኛው ሐኪሞችና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የተጫኑበት በራሪ ሆስፒታል ሲሆን፣ ቁስለኞችን ለመቀበል በኢምባካሲ አርፎ ይጠባበቅ ነበር።

ለ27 አጥቢያ እኩለ ሌሊት ገደማ የመጀመሪያው ሄርኩለስ የኋላ መዝጊያውን እንደከፈተ በኢንቴቤ አረፈ። ገና ጎማው እየተንከባለለ ሳለ ወታደሮች ወርደው በመንደርደሪያው ዳር ተንቀሳቃሽ መብራቶች አኖሩ። ይህ ጥንቃቄ ጠቃሚ መሆኑ ወዲያው ታየ፤ ሌሎቹ አውሮፕላኖች ገና አርፈው ሳይጨርሱ የአየር ማረፊያው መብራት ጠፋ። ከአውሮፕላኖቹ ሆድ መኪናዎችና ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች እየተነዱ ወጡ። የኋላ መዝጊያውና ዝቅተኛው ወለል ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ታጋቾቹ ከነበሩበት ሕንፃ ወጥተው ወደ አውሮፕላን እስኪገቡ የወሰደው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነበር።

በዚህ መካከል የናይሮቢ መንገድ ክፍት መሆኑ ከላይ ከሚዞረው የአዛዥ አውሮፕላን በሬዲዮ ተነገረ። በመሆኑም በኢንቴቤ ነዳጅ የመቅዳቱ ሐሳብ ቀርቶ አውሮፕላኖቹ ተራ በተራ ወደ ኢምባካሲ በረሩ። በዚያም ነዳጅ ቀዱ፤ ቁስለኞቹም ሕክምና አገኙ፤ ከዚያም ጉዟቸውን ቀጠሉ። ከ106 ታጋቾች 102ቱ ተረፉ። ሦስቱ በተኩሱ ምክንያት ሞቱ። በካምፓላ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ አንዲት አሮጊት ደግሞ ከዘመቻው በኋላ በኢዲ አሚን ሰዎች ተገደሉ። ከአጥቂው ጦር የአደጋ ጣዮቹ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ዮናታን ኔታንያሁ ሞተ። ጠላፊዎቹና በርካታ የኡጋንዳ ወታደሮችም ተገደሉ።

የዘመቻው ዋጋ ግን በዚያች ሌሊት ተከፍሎ አላበቃም። ኡጋንዳ ሉዓላዊነቷ እንደተደፈረ በመግለጽ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የፀጥታው ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበች። ምክር ቤቱም ብዙ ከተከራከረ በኋላ አንድም ውሳኔ ሳያሳልፍ ተበተነ። አንዱ ወገን የዜጎችን ሕይወት የማዳን መብት ሲጠቅስ፣ ሌላው ወገን የአንድን አገር ድንበር ያለፈቃድ መጣስ ክልክል መሆኑን ጠቀሰ። ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው ግን በነገሩ ውስጥ ምንም እጅ ባልነበራቸው ሰዎች ላይ ነው። ኢዲ አሚን ኬንያ ለአውሮፕላኖቹ ማረፊያ በመስጠቷ ስለተቆጡ በኡጋንዳ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኬንያውያን ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም ንብረታቸውን ጥለው ወደ አገራቸው ተሰደዱ። ከዚህም መገንዘብ የሚቻለው፣ የአንድ አየር ማረፊያ በር ለወታደራዊ አውሮፕላን መከፈቱ የነዳጅና የሰዓት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ከባድ የመንግሥት ውሳኔ መሆኑን ነው።

የማመላለሻ አውሮፕላን ከጦርነት ውጭ የሰጠው አገልግሎት ደግሞ በኢትዮጵያ ምድር ላይ በሰፊው ታይቷል። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ለቀይ መስቀል በአንዲት ትንሽ የአምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኞችን ያመላልስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት አገልግሏል። በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች ከትንንሽ አውሮፕላኖች እህል እየጣለ መርዳት እንደሚቻል በተግባር አሳየ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ በዕርዳታ ሥራ ላይ እንዳለ ጎዴ ላይ ተገደለ።

ይህ እህልን ከአየር የመጣል ዘዴ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ረሃብ ጊዜ በሰፊው ተሠራበት። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች፣ ትራንሳል የተባሉት የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች፣ የሶቪየት ኅብረት አንቶኖቭ-12ና የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች በአንድ አገር ሰማይ ላይ ለአንድ ዓላማ ተሰለፉ። በዚያ ዘመን በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍለው በጠላትነት ይተያዩ የነበሩ ሠራዊቶች ጎን ለጎን ሲሠሩ መታየታቸው እንግዳ ነገር ነበር። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች አስቀድመው በተራራው ላይ ምቹ ሜዳ ይመርጣሉ፤ ሰው ከመጣያው እንዲርቅም ያደርጋሉ። ከዚያም ትልቁ አውሮፕላን ከመሬት 15 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ በማለፍ የእህል ከረጢቶቹን በኋላ በሩ ያወርዳል።

እህሉ ያለ ጃንጥላ የሚጣለውና አውሮፕላኑ ይህን ያህል ዝቅ የሚለው ለምንድን ነው? አንድ ከረጢት ከአውሮፕላን ሲወጣ በቀጥታ ወደ ታች አይወድቅም፤ አውሮፕላኑ የሰጠውን ፍጥነት ይዞ ወደ ፊት መጓዙን ይቀጥላል። ከ15 ሜትር ከፍታ ለመውደቅ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። አውሮፕላኑ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር የሚበር ከሆነ ከረጢቱ በዚያች ጊዜ ውስጥ 100 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ከፍታው 200 ሜትር ቢሆን ግን ወደ 400 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በጠባብ አምባ ላይ እህሉ ገደል ሊገባ ይችላል። በተጨማሪም ከከፍተኛ ስፍራ የሚወድቅ ከረጢት መሬት ሲመታ ይፈነዳል። ከዝቅተኛ ከፍታም ቢሆን አደጋው ስላለ፣ የውስጡ ከረጢት ቢቀደድ እህሉ እንዳይበተን በሌላ ሰፋ ባለ ከረጢት ውስጥ ይከተታል። ጃንጥላ ግን ዋጋው ውድ ነው፤ ነፋስም ይወስደዋል። በመሆኑም ለማይሰበር ነገር፣ ለምሳሌ ለእህል፣ ዝቅ ብሎ መጣል ይመረጣል፤ ለመድኃኒትና ለመሣሪያ ደግሞ ጃንጥላ ያስፈልጋል። በተራራማ አገር በዚህ ዓይነት ዝቅታ መብረር ለአብራሪው እጅግ አደገኛ ሥራ ነው። የነፋስ አቅጣጫ ድንገት ሲለወጥ ስሕተትን ለማረም ጊዜ አይገኝም።

ከዚህ በኋላም ተመሳሳይ ሥራ ከኬንያ ምድር ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በሱዳን ጦርነት ለተጎዳው ሕዝብ በሰሜን ኬንያ ከምትገኘው ከሎኪቾጊዮ እየተነሡ እህል የሚጥሉ አውሮፕላኖች ብዙ ዓመት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ የአሜሪካ ሄርኩለሶች ከሞምባሳ ወደ ሶማሊያ የዕርዳታ እህል አመላልሰዋል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙም፣ ከወታደራዊ ሄርኩለሶች ጋር ወንበራቸው የተነሣ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ተሰልፈው ነበር። አንዱ ቦይንግ 747 ብቻ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች አሳፍሯል። ይህም የሚያሳየው የአውሮፕላን ሆድ ባዶ ሲሆን ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ነው።

ከላይ ከተዘረዘሩት ነገሮች እንደምንረዳው፣ ወታደራዊ የማመላለሻ አውሮፕላን በራሱ ደግም ክፉም አይደለም። ያው አካል ቁስለኛ ይሸከማል፤ መድፍም ይሸከማል። እህል ይጥላል፤ ወታደርም ይጥላል። ልዩነቱን የሚያመጣው በሆዱ ውስጥ የሚገባው ጭነትና ያንን ጭነት የሚያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ስለ አውሮፕላን በሚደረግ ጥናት ስንት ኩንታል እንደሚሸከምና ምን ያህል እንደሚርቅ ማወቅ ብቻ አይበቃም። ምን እንደጫነ፣ ለማን እንዳደረሰ፣ በመንገዱም ላይ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።